«ፀሐይ ይምታት» ስለተባለችው ልጅ፣ ለግንቡ ሹም

ለተከበሩ የግንቡ ሹም፤

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ግንብዎ፣ በቅሎዎችዎ፣ መትረየሶችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ፣ እርስዎ ሌት ተቀን ስለሚያስቡልን፣ ከቤታችን ሳንወጣ ደህና ነን።

እኔ ፍቅረ ሥላሴ የምባል፣ በግንብዎ ጥግ የምኖር፣ ሰባ አንድ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ። ሚስቴ ወለተ ሐዋርያት ካረፈች ወዲህ ወጤን ራሴ እሠራለሁ፤ የልብሴን ቀዳዳ ራሴ እጠቅማለሁ፤ በሬዬንም ራሴ እጠምዳለሁ። ዳዊት ሳልጨርስ ከትምህርት ብወጣም፣ ይህንን ደብዳቤ ማንንም ሳልለምን ሁለት አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ገበያው ዋርካ ላይ የሚለጠፍ።

ነገሬ ስለ ልጅ ልጄ ስለ የብርጓል ነው። እናቷ በወሊድ ሞተችብን። አባቷ የት እንዳለ እርስዎም ይፈልጉታል፣ እኔም እፈልገዋለሁ፤ ቀድሞ ያገኘ ለሌላው ይንገር። ልጅቱ ሦስት ዓመት ሞልቷት አትሄድም። እግሮቿ ጎብጠዋል፤ ላቁማት ስል ታለቅሳለች። አቤቱታዬም ይኸው፦

አንደኛ፣ ባለፈው ኅዳር ግንብዎን ከቤቴ በስተ ምሥራቅ ስላቆሙልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ድሮ ፀሐይ ሳይፈቀድለት ግቢዬ ይገባ ነበር፤ አሁን እስከ ቀትር ጥላ ነው። ከቀትር በኋላ ያለውን ደግሞ የበቅሎዎችዎ ጋጣ ይቀበለዋል።

ሁለተኛ፣ ከግንቡ ወዲያ ያለውን ሜዳ በሽቦ አጥረው፣ የገባ ይተኮስበታል ብለው በነጋሪት ስላስነገሩልን አመሰግናለሁ። ሳያስነግሩ መተኮስም ይችሉ ነበር።

ሦስተኛ፣ አምና ከጥምቀት በኋላ ልጅቱን አዝዬ ወደ ሐኪምዎ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ እግሯን ዳሰሰ፣ ወደ ሰማይ አመለከተ፣ ረጅም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚዎ ያን ሁሉ አሳጥሮ «ፀሐይ ይምታት ይላል» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ በእኛ አገር ፀሐይ የመታው ሰው ምች ይዞት ይወድቃል፤ ዳማ ከሴ ታሽቶ ይቀባል። የታመመችን ልጅ ፀሐይ ይምታት ማለት እርግማን ነው። እኔም «አንተን ይምታህ!» ብዬ፣ ልጅቱን በጋቢ ሸፍኜ ቤቴ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ለጨው ነጋዴዋ ጎረቤቴ ለሸምሲያ ባወራት አፏን በእጇ ያዘች። የእሷም ልጅ እግሩ ጎብጦ ያው ሐኪም ዘንድ ወስዳው ኖሯል። በእሷ ቀን አስተርጓሚው ሌላ ነበርና «ፀሐይ ይሙቅ፤ አጥንት ያለ ፀሐይ አይጠናም» ብሎ አስረድቷታል። ልጇ ዛሬ እየሮጠ ጨውዋን ይበትንባታል። «አንቱ ሰው! ዓመት ሙሉ በጨለማ?» አለችኝ።

አራተኛውንም በእርስዎ ላይ ልጽፍ ብዕሬን ነክሬ ነበር፤ የራሴ ሆኖ አገኘሁት። ግንብዎ የኅዳር ነው። ከዚያ በፊት ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ፀሐዩ ደጃፌ ላይ ተኝቶ ይውል ነበር። ምች ይመታታል፣ የሰው ዓይን ያገኛታል ብዬ በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ምን ማለቱ ነው ብዬ ሁለተኛ መጠየቅ ውርደት መስሎኝ የተመለስሁትም እኔ ነኝ። ይህንን ለንስሐ አባቴ እንኳ ገና አልነገርሁም፤ ለእርስዎ ማስቀደሜን እንደ ክብር ይቁጠሩልኝ።

ስለዚህ ሜዳው ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት እንዲከፈት እለምናለሁ። ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ልጅቱን ታቅፌ በሽቦው ሥር ሾልኬ ሜዳው ላይ እቀመጣለሁ። ጀርባዬን ለግንቡ ሰጥቼ እሷን ወደ ፀሐዩ አዞራታለሁ። ዘበኞችዎ ለመተኮስ ሰፊ ጀርባ አያጡም። በሐኪሙ ላይ የጣልሁትን እርግማን ራሴ ሄጄ አነሣለሁ፤ ንስሐዬን ራሴ እገባለሁ፤ ልጅቱ እስክትቆም ራሴ እይዛታለሁ። የቀረውን ዕዳዬን አልዘረዝርም፤ እርስዎን አይመለከትም።

የግርማዎ ጥላ፣ በተለይም የግንብዎ ጥላ፣ ሳይለየው የሚውለው፣ እጅ ሳይነሣ የሚያልፈውም ልጅ ታቅፎ ስለሆነ ብቻ መሆኑን እንዲያምኑለት የሚማጸንዎ ጎረቤትዎ፣

ፍቅረ ሥላሴ
ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ የካቲት ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ከባሕር ማዶ ምን ደግ ነገር ይዘውልን መጡ ብዬ ሳስብ ሰንብቼ አንድ አገኘሁ፤ የሐኪምዎ ምክር ነው። እሱም የገዛ አገራችሁን ፀሐይ ሙቁ የሚል ነው።