የጉና በግ እንቁላል

ጂንካ ለምትገኘው እህቴ ለሲስተር ስርጉት፤

የጉና ብርድ ሳይነካው የወጣ ትኩስ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛም ገብሱም ከብቶቹም ደህና ነን።

ልጅሽ ፍቅርተ ልዩ ተሰጥዖ ላላቸው ልጆች ከተከፈተው የግል ትምህርት ቤት ገብታለች። ርእሰ መምህሩ ገና ግንባሯን አይቶ «ሊቅ ናት!» አለ። ከኋላዋ የተሰለፉትም በሙሉ ሊቅ ሆነው ተገኙ፤ የተመለሰ የለም። ደብረ ታቦር ይህን ሁሉ ሊቅ የት ደብቃው እንደኖረች እንጃ።

የፍቅርተንም ፎቶ በትልቅ ባነር አትመው በራቸው ላይ ሰቀሉት። ባለቤቴን እቴነሽን ታውቂያታለሽ፤ የሰው ዓይን እንዳይበላት ብላ ልጅቱን በጎረቤት ፊት «ኧረ ደንቆሮ ናት!» ስትል የኖረች ናት። ጥላሸት ይዛ ሄደችና የባነሩን ግንባር ቀባችው። ዘበኛው ሲጮህባት፣ «አንተንም ልቀባህ?» አለችው።

ፍቅርተም ደህና ናት፤ ዝምታ አበዛች እንጂ። «ጨረቃን ማን ሰቀላት? ለምን አትወድቅም?» እያለች ስታደርቀን አልነበር? ምነው ብላት፣ «ሊቅ ያውቃል እንጂ አይጠይቅም ብለውናል» አለችኝ። እቴነሽ ዓይን ነው ትላለች። እኔ የምጠረጥረውን ለወረቀት አልሰጥም።

ትናንት ሆን ብዬ፣ «የጉና በግ ብርዱ ሲጠናባት እንቁላል ትጥላለች» አልኳት።

«እሺ፣ አጎቴ» ብላ ወደ ጥናቷ ተመለሰች።

እባክሽ ኔትወርክ ስታገኚ ደውይና ስለዚሁ እንቁላል አንቺም ንገሪያት። ከሳቀችብሽ ቶሎ አሳውቂኝ።

በተረፈ ሁላችንም ደህና ነን፤ አንቺም ደህና ሁኚልን።

ወንድምሽ ይርዳው