የጠፋብን አምስተኛው ቤት

ልጄ ጸደንያ፣ ባለሽበት የሰው መውደድ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱንም ውርጭ አልነካው።

ልታገቢው ያሰብሽው የአቀስታ ልጅ ሽማግሌ ስለላከ፣ ዝምድና እንዳይኖራችሁ እስከ ሰባት ቤት ዘር ስቆጥር የአምስተኛው አያትሽ ስም ጠፋብኝ። በየደብሩ ዞርኩ፤ ቄሶቹ ሁሉ አናውቃቸውም ብለው አደከሙኝ። ኋላ ገበያ ሳማክራቸው ጎረቤታችን እቴቴ ሀጀራ «ቤተ ክርስቲያን ምን ልታገኚያቸው? ይማም እኮ እስላም ነበሩ፤ የተጠመቀው ልጃቸው ነው። የኔም ቅድመ አያት ናቸው» ብለው እስከ ሰባተኛው ቆጠሩልኝ። ከልጁ ዘር ጋር አትገናኙም፤ ተመስገን፣ እሺ ብያለሁ።

የቤይሩትን ብርድ አትናቂው፤ ሳትበዪም አትዋዪ። ስትመጪ ለእቴቴ ሀጀራ ሻሽ ያዢላቸው።

እመቤቴ ማርያም ትጠብቅሽ። እሳቸውም «አላህ ይጠብቃት በይልኝ፤ ለካ የኔም ልጅ ናት» ብለዋል።

እናትሽ አበዛሽ