ድፍኑና የሚከፈተው ሄልሜት

አያሌው ጌታዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ከደግ ቦታ እንዳለህ አምናለሁ። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ፣ ይኸው ሦስተኛው ሊገባ ሰማዩ በጋላባት በኩል መጥቆር ጀምሯል። እየቆየ ይቀልሻል ብለውኝ ነበር። አልቀለለኝም፣ ግን ለመድኩት። ከሁሉ የከበደኝ የምጨቃጨቀው ሰው ማጣቴ ነው። ዛሬም የምጽፍልህ ከልጅህ ጋር ተጣልቼ ስለነበረ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ዳኛችን አንተ ነበርክ።

ቤቱ ደህና ነው። የተከልከው ኒም ጣሪያውን አልፎ ሄዷል፤ የስፌት መኪናዬን አውጥቼ እሱ ጥላ ሥር ስሰፋ እውላለሁ። ወንድምህም የአብደራፊው አጨዳ ሲያልቅ ብቅ ይላል። ትልቁ ዜና ግን የሰብለ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆነችልህ! ከሸሕዲ ወዲያ ያሉትን መንደሮች እየዞረች ከብት እንድታክምና እንድትከትብ ተመደበች፣ ሞተርም ሰጧት። ሄልሜት ግን የለውም፣ ራስሽ ፈልጊ አሏት። እሷና እኔም ተያይዘን ሐጂ ሙሳ ጋ ሄድን፤ የሞተር መለዋወጫ የሚሸጡትን ሐጂ አትረሳቸውም መቼም።

ሐጂ ሁለት ሄልሜት ባንኮኒው ላይ አኖሩልን። አንዱ ድፍን ነው፤ ከአናት እስከ አገጭ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ፣ የሚነሳው የዓይኑ መስታወት ብቻ። ሌላው እንደ ያንተው ሄልሜት ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑት አገጩ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ብድግ የሚል። እኔ የሚከፈተውን አነሳሁ፣ ልጅህ ድፍኑን። እዚያው ሱቁ ውስጥ ጭቅጭቅ ጀመርን። ሐጂም አላህ ያስታርቃችሁ ብለውን ወደ ጓዳ ገቡ።

የኔን ምክንያት አንተ ታውቀዋለህ። የመጀመሪያው ሄልሜትህ ድፍን ነበር። የሰሊጥ እርሻ ተቆጣጣሪ ነህ፣ ከካምፕ ካምፕ ስትዞር የማታውቀው ሰው የለም። ፊትን ሸፍኖ ለሽማግሌ ሰላምታ እንዴት ይሰጣል ብለህ፣ ሰው ባየህ ቁጥር ቆመህ ታወልቀዋለህ። ገና ሳታጠልቀው ደግሞ ፊት ለፊት ሌላ ሰው ይታይሃል፤ ለዚህች ለዚህች ምን ያደክመኛል ትላለህ። በዚያ ላይ የመተማ ሙቀት! ሄልሜቱ ከራስህ ይልቅ ክንድህ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚውለው። ለክርኑ ሄልሜት የገዛ ሰው አንተን ብቻ አየሁ እያልኩ ስስቅብህ፣ አንድ ቀን ዝናብ የመታው ዋልካ አንሸራትቶ ጣለህ። ሄልሜቱን ጭረት እንኳን አልነካውም። የተሰፋው ያንተ ራስ ነው። ግራ ጆሮህም ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሰማ አለ፤ በተለይ እኔ ሥራ ሳዝዝህ።

ከዚያ ነው የሚከፈተውን ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት ያመጣኸው። መስታወት ፊት ቆመህ እንደ ሕፃን ልጅ ስትከፍት ስትዘጋ ዓይኔ ላይ አለ። ሰው ሲመጣ አገጩን ብድግ፣ እንዴት ዋላችሁ፣ ከዚያ መሄድ ነው። ከራስህ ላይ ሳይወርድ ይውል ጀመር። እሑድ እሑድ ስፖንጁን አውጥቼ ሳጥበው ውኃው ይጠቁር ነበር። መልሶ መዝጋቱን ግን ትዘነጋለህ። አፍህን ከፍተህ እያንጎራጎርክ ስትበር ጢንዚዛ ውጠህ የመጣህ ዕለት፣ ሆዴን ይዤ መሬት እስክቀመጥ ሳቅሁብህ። አይ አንተ!

ሁለተኛው አወዳደቅህ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የአጨዳ ሰሞን ነው፤ ግመል ድንገት መንገድ ገባብህና በፊትህ ተደፋህ። ሰዎች ደግፈው ሲያመጡህ ከሩቅ አይቼ አለቀልኝ ብዬ ጮኽኩ። አገጩ ላይ የተሰነጠቀውን ሄልሜት ሲያወልቁልህ ፊትህ ደህና ሆኖ ወጣ። ምን ያስጮህሻል ብለህ ጭራሽ ተቆጣኸኝ። ተመስገን! ከዚያ በኋላ ያገኘናቸው ዓመታት ሁሉ ምርቃት ነበሩ። ሰሊጡ በተነሳበት ማሳ ላይ ሰብለን ሞተር አስተማርካት። ጀምረን የተውነውን ቤት ጨረስነው። ጉበትህ ታሞ ስትሄድም መንገድ ዳር ብቻህን ወድቀህ አይደለም፤ አልጋህ ላይ፣ እጅህ እጄ ውስጥ ሆኖ ነው። ይህን ያላገኘ ስንት አለ! እኔ ስለዚህ ሳመሰግን እኖራለሁ።

ይህን ሁሉ ለሰብለ አልኳት። አባትሽን ያተረፈልን የሚከፈተው ነው፣ እሱን ነው የምትወስጂው ብዬ ቁርጡን ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አባዬ ያን ቀን አገጩን ለምን ዘጋው አለችኝ። አቧራ ስለነበረ ነዋ፣ አልኳት። አቧራው ባይኖርስ እማዬ፣ አለች።

ባይኖርማ ከፍተህ ነበር የምትመጣው። እንደ ልማድህ እያንጎራጎርክ። ያ ሁሉ ዓመት ባንድ ቀን አቧራ የተሰጠን መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አስቤው አላውቅም ነበር። የሐጂ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ልጅህም አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ የሚከፈት ነገር ካለኝ እኔም እከፍተዋለሁ፣ የሱ ልጅ አይደለሁ፣ አለችኝ። ይኼኛው መታጠፊያ የለውም፣ ይጠነክራል፤ የማወልቀውም የምሠራበት ስደርስ ብቻ ነው አለች። እሽ አልኳት። ድፍኑን ይዘን ወጣን።

ልቤ ግን አልረጋም። የኛን አገር መንገድ ታውቀዋለህ፤ ፊቱን ሸፍኖ የሚመጣ ሞተረኛ በደግ ዓይን አይታይም። ኬላው ላይ የሚቆሙት ሚሊሻዎች ጠመንጃ ይዘዋል። የየመንደሩ ሽማግሌዎች ንቃን አለፈች ቢሉስ? ካልወደዷት ደግሞ ከብታቸውን አያስነኳትም። ጭንቅላቷን ላድን ብዬ እንጀራዋን ላሳጣት ነው እያልኩ እህል አልበላ አለኝ።

ሥራ የጀመረች ዕለት ታዲያ ሳታውቅ በባጃጅ ተከተልኳት። አትሳቅብኝ፣ አንተም ብትሆን ታደርገው ነበር። ኬላው ጋ ስትደርስ መንገዱን የሚዘጋው ገመድ እንደተወጠረ ቀረ። ሚሊሻዎቹ ተነሡ። ዛፉ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎችም ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡ። ሰብለ ሞተሯን አጥፍታ የአገጯን ማሰሪያ ልትፈታ እጇን ሰደደች። እኔ ባጃጁን አቁመው አቁመው እያልኩ ልወርድ ነው።

ያኔ ከሽማግሌዎቹ መሃል ጋሽ ደሴ ጠጋ ብለው እጇን ያዙ። ተይ ልጄ፣ አታውልቂው፣ አሏት። ዛሬ እንደምትጀምሪ ሰምተን ልንቀበልሽ ነው የወጣነው። አባትሽ ባየን ቁጥር እየቆመ ፊቱን ሲያሳየን ኖሯል፤ ያ ላንቺም ይበቃል። ይህን ብለው ድፍኑ ሄልሜት ላይ እጃቸውን ጭነው መረቋት። ሚሊሻውም ገመዱን ጣለላት።

ባጃጁ ውስጥ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ሹፌሩ ሰው የሞተብኝ መስሎት ደነገጠ። አይ አያሌው! በየመንገዱ እየቆምክ ስታመሽብኝ ለካ ለልጃችን ዘመድ እያበዛህላት ነበር። ራሷ በደህና ዕቃ ውስጥ ነው፣ መንገዷም የወዳጅ መንገድ ነው። እናት ከዚህ ሌላ ምን ትለምናለች?

አመሰግንሃለሁ የኔ ጌታ። በየጠዋቱ ማሰሪያዋን በእጄ አጥብቄ፣ የአባትሽ አምላክ ይከተልሽ ብዬ እሸኛታለሁ። ትንፋሼ እስካለች ስምህ ሳይነሳ ከዚህ ደጃፍ አትወጣም።

ባለቤትህ ጥሩነሽ