ለጤናዋ ጠጥተው ለተፉት ለክቡር ሰብሳቢ

ለክቡር የሆስፒታሉ በጎ አድራጊዎች ማኅበር ሰብሳቢ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ በተለይም የኩላሊትን ጤና፣ ከልብ እመኛለሁ። ሁለቱም ኩላሊቶችዎ እስከ እርጅናዎ ድረስ ያለ ድካም ያገልግሉዎት፤ እነሱ የደከሙ ዕለት የሚጠብቅዎትን ክፍል እኔ ጠንቅቄ አውቀዋለሁና፣ እርስዎ ግን የሚያውቁት ፎቶ እስከተነሱበት በር ድረስ ብቻ ነው።

ማንነቴን ልግለጽ። መጋረጃ የምሰፋ ሴት ነኝ፤ በወይን ቅምሻውና በጨረታው ምሽት ከመድረኩ ጥግ፣ ከአበባው ማስቀመጫ አጠገብ ያቆሟት ሕመምተኛ ታላቅ እኅት ነኝ። ካላስታወሷት አልቀየምዎትም፤ ያን ሁሉ ጠርሙስ ለቀመሰ ሰው የእያንዳንዱን ፊት ማስታወስ ይከብዳል። የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ሰዎች «ጠብታ» ይሏት ነበር፤ ሐኪሙ ለቀን የፈቀደላትን ጥቂት ውሃ ከጠዋት እስከ ማታ በሻይ ማንኪያ እየከፈለች ትጠጣ ስለነበር ነው። ይህንንም በአደባባይ የምጽፈው ደፋር ሆኜ ሳይሆን፣ ጽሕፈት ቤትዎ በሄድኩ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች ስለመለሰችኝ ነው። ለሰው ልጅ ደኅንነት ይህን ያህል የሚሰበሰብ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎት።

አንባቢ ግራ እንዳይጋባ የምሽቱን ዓላማ ላስታውስ፤ በዚያውም ለእርስዎ ማስታወሻ ይሆንዎታል። በእጥበት ክፍሉ ካሉት ማሽኖች አንዱ ተበላሽቶ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። በእሱ ትታጠብ የነበረች አንዲት መምህርት በየዕለቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ ከባለተራዎቹ አንዱ ቢቀር እገባ ይሆናል እያለች ትጠብቃለች። ማኅበርዎ ምርጥ ወይኖችን ለወዳጆቹ አቅምሶ፣ ከዚያም በጨረታ ሸጦ፣ በገቢው አዲስ ማሽን ሊገዛ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ስለ አፈጻጸሙ ያለኝን ምስጋና ግን በተራ ቁጥር ማቅረብ ይሻለኛል።

፩. ስለ አመራረጣችሁ አመሰግናለሁ። ሁለት የኮሚቴ እመቤቶች ሽቷቸው ቀድሟቸው ወደ ክፍሉ ገቡና በመድረክ የሚቆም ሕመምተኛ ይፈልጉ ጀመር። አንደኛዋ በጣም ከስታለች፣ እንግዶቹን ታስደነግጣለች ተባለ፤ ያኛው ሰውዬ ደግሞ ፊቱ ሞልቷል፣ የታመመ አይመስልም ተባለ፤ እብጠቱ ራሱ በሽታው መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። እኅቴ እንደሚያሳዝን ሰው የከሳች፣ እንደሚያምር ሰው ደግሞ ፀጉሯን የተሠራች ስለነበረች ወዲያው ወደዷት። እኔ ጨርቅ የሚመርጡ ደንበኞች በየቀኑ አያለሁ፤ እንደነዚህ እመቤቶች ግን ጨርቁ እየሰማ ስለ ጨርቁ የሚያወሩ አላጋጠሙኝም።

፪. ስለ ቀኑ ምርጫም እንዲሁ። ለኩላሊት ሕሙማን የተዘጋጀው ምሽት እኅቴ በምትታጠብበት ቀን ላይ ዋለ። ይህ በስሕተት ነው ብዬ ነበር፤ ስሕተት ሲገኝ ይታረማል ብዬም አስቤ ነበር፤ ታረመም። ምሽቱ ግን አልተዛወረም፤ የተዛወረው የእኅቴ እጥበት ነው። ከማሽን የወረደ ሰው ይደክመዋል፣ ይገረጣል፣ ዓይኑ ይከደናል፤ ለመድረክ አይሆንም በማለት እርስዎ ራስዎ ለክፍሉ ኃላፊ ስልክ ደውለው ተራዋን ወደሚቀጥለው ክፍት ቦታ አስተላለፉት። እኔ ከላይ ታች ብዬ ስቃወም እሷ ናት ዝም ያሰኘችኝ። «ተይ እንጂ እቴ፣ አንድ ቀን ነው፤ ማሽኑ ከመጣ መምህርቷ ከዚያ ኮሪደር ትነሳለች» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ በጎ አድራጊ ከነበረ እሷ ነበረች፤ መግቢያ ካርድ ግን አልነበራትም፤ እንደ ዕቃ በጓሮ በር ነው የገባችው።

፫. አሁን ወደ ቅምሻው ልምጣ። እንግዶችዎ ብርጭቆውን ሲያሽከረክሩ፣ አፍንጫቸውን ሲነክሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያስቡ አየሁ። እርስዎም አንዱን ቀምሰው የረጠበ ድንጋይ ጣዕም አለው አሉ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ የረጠበ ድንጋይ መቼ እንደላሱ ግን የጠየቀዎት ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ እኅቴ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ ቆማለች። ከዚያ ደግ ልብዎ አላስችል አለዎትና ባዶ እጇን እንዳትቆም አንድ ሙሉ ብርጭቆ ሰጧት፤ መጠጣት ስለተከለከለች ይዛው ብቻ ቆመች፤ የእርስዎንም ከፍ አድርገው «ለእኅታችን ጤና!» አሉ፤ አዳራሹም በአንድ ድምፅ «ለጤናዋ!» ብሎ ተቀበለ። ሁላችሁም ጎነጫችሁ። ሁላችሁም ተጉመጠመጣችሁ። ከዚያም ወይን አዋቂ አይውጥም በሚለው ወጋችሁ መሠረት በየጠረጴዛው ወደተቀመጠው የብር ባልዲ ተፋችሁት።

ለጤናዋ ብለው የጎነጩትን መልሰው የተፉ ሰው ነዎት። ይህን በክፋት አልልም፤ ዓይኔ ያየውን ነው። አስተናጋጁ የሞላውን ባልዲ ይዞ በፊቷ ሲያልፍ ዓይኗ እስከ በሩ ድረስ ተከትሎት ሄደ። ሰው ሌሎች የተፉበት ባልዲ ሲያምረው እስከዚያች ሰዓት ድረስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። በዚያው ምሽት በታላቅ ትሕትና ጠላሁዎት፤ እስከ ዛሬም በዚያው ትሕትና እጠላዎታለሁ።

፬. እስከዚያ የተሸጡት ለማሽኑ አልበቁምና ተስፋው ሁሉ በመጨረሻዋ ጠርሙስ ላይ ነበር፤ እሷም የእርስዎ ስጦታ ነበረች። ለዓመታት በሳሎንዎ መስኮት ላይ፣ እንግዳ ሁሉ በሚያያት ቦታ፣ ፀሐይ እየሞቀች መቆየቷን በኩራት አወሩልን። ሲሚንቶ አከፋፋዩ ወዳጅዎ ከሌሎቹ ጋር እልህ ተጋባና ዋጋዋን ሰማይ አደረሰው፤ መዶሻው ሲያርፍ እርስዎ «ማሽኑ ተገዛ!» ብለው ጮኹ። እኅቴ አለቀሰች። እንባ እንኳ ውሃ ነውና ቆጥቢው ልላት ስል አፌን ያዝኩ፤ እኔም እያለቀስኩ ነበር። ነገር ግን በእናንተ ዘንድ አሸናፊው ጠርሙሱን እዚያው ከፍቶ ለጠረጴዛው ማካፈል ወግ ነው። ቡሹ ተፈረፈረ፤ ሲሚንቶ አከፋፋዩ ቀመሰ፤ ፊቱ ተጨማደደ፤ «ኮምጣጤ ነው!» አለ።

እዚህ ላይ የትም አገር ያለ ጤነኛ ሰው፣ ወዳጄ፣ የገዛኸው ማሽን ነው፣ ጠርሙሷ ምርቃት ናት ይለው ነበር። እርስዎ ግን የወይን አዋቂነትዎ ስለተነካ ብርጭቆውን ተቀብለው አሽትተው፣ ቀምሰው፣ እንደ ዳኛ ፊትዎን አጥቁረው ወይኑ በእርግጥ ተበላሽቷል ብለው ፈረዱ። ከኮሚቴው ጋር ከአበባው ማስቀመጫ ጀርባ ሄዳችሁ ተመካከራችሁ፤ እኛ ከፊቱ ስለቆምን እያንዳንዱን ቃል ሰማን። ለተበላሸ ወይን የክቡር ሰው ገንዘብ መያዝ ማኅበሩን ያሰድባል አሉ፤ ማንም አልተቃወመም፤ ለሰውየው ተመለሰለት። ከዚያም እጁን በሁለት እጅዎ ይዘው ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁት። ትከሻዎ ከእኅቴ ትከሻ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር፤ ወደ እሷ ግን አልዞሩም። የተለወጠውን ነገር የተረዳችው ዘግይታ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሆነን «ታዲያ ማሽኑስ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ የሸፈንኩት መስኮት ብዙ ነው፤ ለዚያ ጥያቄ ግን መሸፈኛ አጣሁ።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር አልሰጥም። በማግስቱ ትንፋሽ አጠራት። በእጥበት ያልወጣው ውሃ ሳንባዋን ሞልቶት ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን በማንኪያ የለመነችው ውሃ ከውስጥ አሰጠማት። ተሸክመን ክፍሉ ስናደርሳት ማሽኖቹ ሁሉ ሰው ይዘዋል፤ የተበላሸውም ጨርቁን ለብሶ ቆሟል። ነርሷ ከታካሚዎቹ አንዱን ለማውረድ እየተሯሯጠች ሳለ እኅቴ በእጄ ላይ አረፈች። ለቀብሯ የላካችሁት የአበባ ጉንጉን ደርሶናል፤ የማኅበሩ ስም በወርቅ ቀለም፣ የእሷ ስም ደግሞ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ ፊደሉም ተሳስቷል፤ ቢሆንም እናመሰግናለን።

ክቡር ሆይ፣ ካሣ አልጠይቅም፤ ክስም አልመሠረትም። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ማንንም አይርዱ። ደግነትዎን ለራስዎ ያስቀምጡት፤ እኛ ድሆች ክፉዎችን መቋቋም ለምደናል፣ ከእርስዎ ቸርነት የምንተርፍበትን ዘዴ ግን እስካሁን አላወቅንም።

ለክብርዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እያረጋገጥኩ፣ እድሜዎ እንዲረዝም፣ ያችን ሌሊት በልብዎ ይዘው ብዙ ዓመት እንዲኖሩ ከሚመኙት ሁሉ ግንባር ቀደሟ ሆኜ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ፤

የጠብታ ታላቅ እኅት፣
መጋረጃ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ምሽቱ ግቡን አልመታም እያሉ የሚያሙዎት ሰዎች እንዳሉ ሰምቼ አዘንኩ። እባክዎ ጆሮ አይስጧቸው። የምሽቱ ዓላማ ለመምህርቷ የእጥበት ወንበር ማስገኘት ነበር፤ መምህርቷም ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ከኮሪደሩ ተነሥታ ቋሚ ወንበር አግኝታለች። ለሪፖርትዎ እንዲመች ወንበሩ የትኛው እንደሆነ ላመልክትዎት፦ በመስኮቱ በኩል ያለው፣ የእኅቴ ነው።