የጥሩብርሃን መዳፍ

ለወልደጊዮርጊስ፣ ኮልፌ።
ሌኒንግራድ፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? አስተርጓሚያችን ሰርኬ «እኔ ልጻፍልዎ» ብትለኝ እምቢ ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩት።

የልጅ ልጄን የአምሐን የአጥንት መቅኔ ለእህቱ ለጥሩብርሃን ከሰጧት ወር ሊሞላ ነው። እሷ መስታወት ቤት ውስጥ ተኝታለች፤ የሚገባባት ሰው ሁሉ ከዓይን በቀር ፊት የለውም። ሐኪሟ የልጅቷን የድሮ ደም አስቀድማ ቀድታ በበረዶ አኑራው ኖሯል። ከሰውነቷ የጠፋው ደም ብልቃጥ ውስጥ በሕይወት አለ፣ ታምነኛለህ? ደም ውስጥ ዘብ የሚቆሙ አሉ አሉኝ። የአምሐ ዘቦች እህትየውን እንደ ባዳ ይነሱባት እንደሆነ፣ ሁለቱን ደም ቀላቅላ በማጉያ መነጽር ታያለች። ከተነሱባት አብጠው ይኮለኮላሉ፤ ዝም ካሉ ደግ ነው። እኛ ኮልፌ ሰፈሩ ዝም ሲል እንፈራለን፤ እዚህ የምለምነው ዝምታን ነው።

ትናንት ልጅቷ ከመስታወቱ ወዲያ «አባባ፣ መዳፌን በላኝ» አለችኝ። «ገንዘብ ልታገኚ ነው!» ብዬ ሳቅሁ፤ ሰርኬም ሳቀች። ስትተረጉምላት ግን ሐኪሟ አልሳቀችም። ሮጣ ገብታ መዳፏን ገለጠችው፤ ፍም መስሏል። ጠቡ የሚጀምረው ከመዳፍ ነው አሉ። መድኃኒት ጨመሩላት። ዛሬ እኔም ካላየሁ ብዬ በማጉያው አየሁ፤ ዘቦቹ አብጠው አንድ ላይ ተኮልኩለዋል።

የካርዱ ቦታ አለቀብኝ። የአየር ጤና ወዳጆቻችንን ሳምልኝ። ለእናቷ ትበላለች በላት፤ መዳፏን አታንሳባት። አምሐ አጠገቤ ቆሞ «አባባ፣ ደሜ እየረዳት ነው አይደል?» ይለኛል። ፊደል ያውቃልና ካርዱን በእጄ ሸፍኜ ነው የምጽፈው።

መኳንንት