ከስሜ ሥር የነበረው ስምሽ

ይድረስ ለልጄ ለሜሊን፣ ብሪዝበን። እንደምን ከርመሻል? በሄድሽበት ሁሉ ጌታ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስኳር ድንቹን አሳማ ጨረሰው። የማን አሳማ እንደሆነ አላጣሁትም፤ የጎረቤታችን የሎሲ ነው።

ባለፈው ሳምንት የመራጮች ዝርዝር ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እንደ ልማዴ ስማችን መኖሩን ለማየት ሄድኩ። የእኔ አለ፤ ሁሌ ከሥሩ የሚጻፈው ያንቺ ግን የለም። የጠረጠርኩት ሎሲን ነው። ወንድሟ ይወዳደራል፤ እኛ ደግሞ እንደማንመርጠው ታውቃለች። ብጠይቃት፣ «ስድስት ዓመት ብቅ ያላለች ልጅ ስም ምን ያደርግልሻል?» ብላ ሳቀችብኝ።

መዝጋቢው አሊክ ዘንድ ሄድኩ። ከመሳቢያው ወረቀት አወጣና፣ «እማማ፣ ማንም አልነካትም። ኑሮዬ እዚህ ብሪዝበን ሆኗል፣ ሰርዙኝ ብላ የጻፈችው ራሷ ናት» አለኝ። ፊርማውን አየሁት። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና እንዳስለመደሽ፣ ጫፉ እንደ ዓሣ መንጠቆ ይታጠፋል። አሊክም ቢሆን አይታመንም፤ ፊርማ ማስመሰል አያቅተውም።

ስም ለማስመለስ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አለ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ መልስ ስትጽፊ ከሥሩ ፈርሚበት፤ ከወረቀቱ ጋር አስተያየዋለሁ። ካልተመሳሰለ አሊክን እከሰዋለሁ። ከተመሳሰለ ግን ለሎሲ አልነግራትም።

እናትሽ ኤስታ