አባቴን በየሩብ ዓመቱ ለሚያስነሡት የባንክ ፕሬዚዳንት

ለክቡር የባንኩ ፕሬዚዳንት፣

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በዓመታዊ ሪፖርቱ ሽፋን ላይ ፈገግ ብለው የተቀመጡበት ያ ሰፊ ወንበርም ጭምር ደኅና ነው? እኛ ደኅና ነን። አባቴም ደኅና ነው፤ ባንክዎ እንደሚጽፍልን ከሆነ እንዲያውም ከሞተ ወዲህ ጤናው እጅግ ተሻሽሏል።

ማንነቴን ልናገርና ልቀጥል። በማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ እንጀራዬ ሌላው ሳያየው ያለፈውን ስህተት ማየት ነው። የባንክዎን ዓመታዊ ሪፖርት ሦስት ዓመት በተከታታይ ያረምኩት እኔ ስሆን፣ «ትርፋማነት» የሚለው ቃል በአንዱ ሪፖርት ብቻ አርባ ሰባት ጊዜ ተጽፎ አንድም ቦታ ፊደል እንዳልጎደለው በክብር እመሰክራለሁ። አባቴ አናጺ ነበር። ቤታችንን አስይዞ፣ እናቴን ዋስ አድርጎ ከባንክዎ ተበደረና የእንጨት መላጊያ ማሽን ከውጭ አስመጣ። ማሽኑ ደረሰ፤ ምላጩ ግን በውጭ ምንዛሪ ወረፋ ምክንያት ሳይመጣ ቀረ፣ ብሎም የእንጨት ዋጋ እጥፍ ሆነ። ከሳጥኑ ያልወጣውን ማሽን ሁለት ዓመት ሲያየው ኖረና አንድ ማክሰኞ ጠዋት መጋዙን እንደያዘ ልቡ ቆመ። ቀበርነው። የሞት ምስክር ወረቀቱን ለቅርንጫፍዎ ሁለት ጊዜ አስገብቼ ሁለት ጊዜም «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም ተመቶልኛል። ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።

ቅሬታ ብዬ ክቡርነትዎን እንዳላስቀይም፣ ያለኝን ሁሉ ምስጋና ብዬ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ. አባቴን ስላስነሡልን አመሰግናለሁ። ከቀብሩ በኋላ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ለዋሷ ለእናቴ ግልባጭ ተደርጎ አንድ ደብዳቤ ደረሰን፦ «ክቡር ደንበኛችን፣ በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን በአካል ቀርበው ብድርዎን ስላደሱ እናመሰግናለን» ይላል። አባቴ የፈረመበት ቅጽም ተያይዟል። ስህተት ነው ብዬ ተውኩት፤ በሥራዬ ስህተት ለምጃለሁና። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሁለተኛው መጣ፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ደርሰዋል። አባቴ በሕይወቱ ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም ነበር፤ የደንበኞቹ የቁም ሣጥን ሁልጊዜ ለከርሞ ነበር የሚባለው። ከሞተ በኋላ ግን አንድም ቀን አላረፈደም።

፪ኛ. ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። በሪፖርቱ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ በብድር ስጋት ላይ በተደረገ ጥብቅ ቁጥጥር የተበላሹ ብድሮች መጠን ቀንሶ ትርፉ እንዳደገ ተጽፏል። እኔ ያንን ዓረፍተ ነገር አንብቤ፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨምሬ አሳልፌዋለሁ። ነገሩ የገባኝ በብድር ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ አንድ ጎረቤታችን ደብዳቤዎቹን ካየ በኋላ ነው። ብድር ተበላሸ ከተባለ ባንኩ ከትርፉ ላይ መጠባበቂያ መቀነስ አለበት፤ ታደሰ ከተባለ ግን ያልተከፈለው ወለድ ራሱ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል፤ መዝገብ የሚዘጋው በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ስለሆነም ሟቾች የሚፈርሙት በዚያ ቀን ነው። «ልጄ፣ የሞተ ተበዳሪ ትርፍ ይበላል፣ የቆመ ተበዳሪ ትርፍ ይወልዳል» አለኝና፣ «የእናንተ ብቻ እንዳይመስልሽ» ሲል ጨመረልኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ባይጨምርልኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ ያን ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ከእያንዳንዱ አኃዝ ጀርባ ስንቱ ሰው እንዳይተኛ ተደርጎ እንደቆመ አስባለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እናንተ ዘንድ ግን እያደር የጠራው ትርፉ ብቻ ነው።

፫ኛ. የአባቴን እጅ ስለፈወሱለት አመሰግናለሁ። ይህን ክቡርነትዎ ስለማያውቁት ላስረዳ። አባቴ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች በወጣትነቱ በመጋዝ አጥቷል፤ ፊርማው ዶሮ የጫረችው መሬት ነበር የሚመስለው። በቅጾቹ ላይ ያለው ፊርማ ግን ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ፣ ያማረ ነው። ይህን ለእናቴ ባሳይ የደብዳቤዎቹን ሐሰት ታያለች ብዬ ሁለቱን ፊርማዎች ጎን ለጎን አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችና ፊቷ በራ። «እሰይ! እጁ ድኖለታል» አለች። ወይ ጉድ! ቀብረነው እኮ ነው ስላት፣ በቀብሩ ቀን ትጎጃለሽ ብለን ፊቱን እንዳታይ የከለከልናት እኛው መሆናችንን አስታወሰችኝ። ቀጥላም «የስንቱን ሰው ገንዘብ የያዘ ቤት እንዴት ይዋሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። የዚህን መልስ ክቡርነትዎ ካለዎት ይጻፉልኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥቁር ልብሷን አወለቀች። የሥራ ካፖርቱን አጥባ ከበሩ ጀርባ ሰቀለችው። መላጊያዎቹን በየሳምንቱ ዘይት ትቀባለች፤ ማሽኑ ያለበትን ሳጥንም ትወለውላለች። በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ማልዳ ተነሥታ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ቅርንጫፋችሁ ሲከፈት ገብታ እስኪዘጋ ድረስ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። መዘጋቱን ሲነግሯት ብቻዋን ትመለሳለች፤ ማታ «ዘወር ስል አመለጠኝ» ትለኛለች። እኔም ብሆን ከእሷ አልሻልም። ባለፈው እሑድ ቀትር ላይ ከሥራ ክፍሉ የመላጊያ ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ፣ በሩን ከፍቼ ወለሉ ላይ ፍቅፋቂ ስፈልግ ራሴን አገኘሁት።

፬ኛ. ስለ ቁጠባዬም ላመስግን። ለእናቴ መድኃኒት ገንዘብ ላወጣ ብመጣ በቀን ከተወሰነው በላይ እንደማይከፈል ተነገረኝ። በሪፖርቱ የጥሬ ገንዘብ እጥረት ስጋት የለም የሚለውን አርሜ ስላሳለፍኩ ጥፋቱ የእኔም ነው። ጎረቤታችን እንዳለው ሟቾች በወረቀት ላይ ትርፍ ይወልዳሉ እንጂ ቆጥረው ሰጥተው አያውቁም።

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ምን ፈልጋ ነው የምትጨቀጭቀን እንዳይሉኝ ልመናዬ አንዲት ናት። ብድሩ ይሰረዝልኝ አላልኩም። ቤቱን ውሰዱት፣ ማሽኑን ከነሳጥኑ ሽጡት፤ መያዣ ነውና ሕጋችሁ ነው። ነገር ግን አፈር ስሆን፣ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ «ደንበኛችን ሞቷል፤ ወደ ቅርንጫፋችን አልመጣም» ብላችሁ ለእናቴ አንድ መስመር ጻፉላት። እኔን አታምነኝም፤ እናንተን ታምናለች። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፣ አባቴ ግን አሟሟቱ ሳይሆን ሞቱ ራሱ ተከለከለ፤ ነፍስ ይማር ማለት እንኳ እናቴ ፊት ነውር ሆኖብኛል። ይህን ብታደርጉ ትርፋችሁ በአንድ አናጺ መጠን እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ ባለአክሲዮኖቹን እኔው በግሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ እንቅልፍ የሞላበት ሌሊትና እውነተኛ ሞት እየተመኘሁ፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨምራ አባቷን ያሳለፈችው አራሚ ነኝ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ከጻፍኩ በኋላ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ለሰኞ ቀጠሮ ስለሰጡኝ፣ ደብዳቤውን በጋዜጣ ላለማሳተም ወስኜ ነበር። በቀጠሮው ዋዜማ፣ እሑድ፣ እናቴ አረፈች። የሞት ምስክር ወረቀቷን አስገብቼ «ገቢ ሆኗል» የሚለው ማኅተም ተመቶልኛል። ሩብ ዓመቱ የተዘጋው ከቀብሯ በኋላ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። ትናንት አሥራ ሁለተኛው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ተበዳሪውና ዋሱ በዕለቱ አብረው በአካል ቀርበው ብድሩን ስላደሱ ባንኩ ያመሰግናል። የእናቴ ፊርማ ከአባቴ ፊርማ ጎን ነው፤ እሷም ጽሕፈቷ አምሮበታል። በየሩብ ዓመቱ በአግዳሚው ወንበር ላይ የጠበቀችውን ሰው በመጨረሻ አገኘችው ማለት ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት መጨረሻ እኔም እመጣለሁ። አባቴና እናቴ በየትኛው መስኮት እንደሚቀርቡ ብቻ አስቀድመው ያስታውቁኝ።